ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ የገንዘብ ድጋፍና የከፍተኛ ትምህርት በር

በአቃቂ በሰቃ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር




አቃቂ በሰቃ ከሐዲድና ከፋብሪካ ጋር አብሮ ያደገ ከተማ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ያለፈው በዚህ ነው። ከዚያም በኋላ የጨርቃ ጨርቁ፣ የብረታ ብረቱ፣ የመለዋወጫ ዕቃውና የምግቡ ፋብሪካ በየጊዜው ሲቋቋሙ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሠራተኛ ጎጆ ቀልሶ፣ ዕድር መሥርቶና ዕቁብ ጥሎ ልጆቹን ያሳደገው በዚሁ አካባቢ ነው። ይህ ሠራተኛ በሌሊት ፈረቃ ሲደክም የሚጽናናበት አንድ ተስፋ ቢኖር፣ ልጁ ተምሮ ከእርሱ የተሻለ ኑሮ እንዲኖር ነው። ዛሬ ደግሞ አካባቢው የዩኒቨርሲቲም ሥፍራ ሆኗል። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ ነው።

እንግዲህ ለአቃቂ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በመንገድ ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከፋብሪካው ሠራተኛ ቤት ተነሥቶ እስከ ምረቃ ቀን የሚያደርሰው ጉዞ በብዙ ቦታ የሚቋረጥ ነው፤ ከሚቋረጥባቸውም ምክንያቶች ዋነኛው የገንዘብ እጥረት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ፣ አገሪቱ ለተማሪዎቿ የምታደርገው የገንዘብ ድጋፍ ማንን ያስገባል፣ ማንን ያስጨርሳል፣ ማንንስ በደጅ ያስቀራል የሚል ነው። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፤ ድጋፉ ትልቁን ወጪ ይሸፍናል፤ ተማሪውን የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ትንሹ ወጪ ነው። ከዚህም በላይ ድጋፉ የሚደርሰው፣ ልጁ ሊወድቅ የሚችልበት ዋናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ከአኩፋዳ እስከ አዳሪ ቤት

ተማሪን መደገፍ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል፣ ባላገሩ ካለው ላይ ቆርሶ ይሰጠው ነበር። መምህሩ ተማሪውን በገንዘብ ሳይተምነው ያስተምራል፤ ተማሪው እንጨት እየለቀመ፣ ውሃ እየቀዳ መምህሩን ያገለግላል፤ መንደሩ ደግሞ ይመግባል። የዚህ ሥርዓት ጉድለት ግልጽ ነው። ተማሪው ለረሃብ፣ ለብርድ፣ ለበሽታና ለውሻ ንክሻ የተጋለጠ ነበር። ሆኖም አንድ ትልቅ ጥበብ ነበረበት፤ ድጋፉ ማመልከቻና ማኅተም አይጠይቅም፤ ረሃቡ በመጣበት ቀን ይደርሳል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋም መንግሥት ተማሪን ወደ ትምህርት የሚጠራው እየመገበና እያሳደረ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምርም፣ በቁጥር ጥቂት የነበሩት ተማሪዎች ያለ ክፍያ እየተማሩ፣ ቀለባቸውና መኝታቸውም እየተቻለላቸው ነው። ኮሌጁን መሠረት አድርጎ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። በዚህ መሠረት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየገጠሩና በየከተማው፣ በአብዛኛው በማስተማር፣ እንዲያገለግል ተደረገ። ተማሪ ከአገሩ የተቀበለውን በሆነ መልክ ይመልስ የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ ከቅርብ ጊዜው የወጪ መጋራት ሕግ አስቀድሞ የነበረ ነው።

ይህ የልግሥና ሥርዓት የቆመው ግን በተማሪው ቁጥር ማነስ ላይ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻቸውን ከ40 በላይ ናቸው። ማዕዱ ሲሰፋ፣ እንጀራውን የሚጋግረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነበር።

ቆይቶ የሚከፈል ዕዳ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ሰጠ። የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ቅድሚያ እስከ 10ኛ ክፍል ላለው ትምህርት እንደሚሆን፣ ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ ግን ተጠቃሚው ወጪውን እያደር እንደሚጋራ አስታወቀ። ይህ አሳብ በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሕግ ሆነ። አዋጁን ተከትሎ የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ወሰነ። ክፍያው የሚፈጸመው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው፤ ከወር ገቢው ከ10 በመቶ የማያንስ ገንዘብ አሠሪው እየቀነሰ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። በመምህርነትና ለሕዝብ ጥቅም በተመረጡ ሌሎች ሙያዎች የሚሠለጥኑት ደግሞ ዕዳቸውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲወጡ በር ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የወጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ ማለት ቁጥር 650/2001 እና ቁጥር 1152/2011፣ የወጪ መጋራቱን መርሕ ጠብቀው አቆይተዋል።

የዚህ ሥርዓት ሥረ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1989 በአውስትራሊያ የተጀመረውና ከገቢ ጋር የተያያዘው የትምህርት ብድር ነው። የአሳቡ ትክክለኛነት ሊካድ አይገባም። ተማሪው በምዝገባ ቀን ውል ይፈርማል እንጂ ገንዘብ አይቆጥርም። የጉሊት ቸርቻሪዋ ልጅና የነጋዴው ልጅ በአንድ ሰልፍ ቆመው በእኩልነት ይመዘገባሉ። አባቱ የሌለውን ገንዘብ ልጁ ወደፊት ከሚያገኘው ደመወዝ አውጥቶ እንዲከፍል መደረጉ፣ ለድሃው ቤተሰብ ታላቅ እፎይታ ነው።

ሆኖም ሁለት ሳንካዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው የመረጃ ጉድለት ነው። ብዙ ተማሪ የውሉን ትርጉም የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ ደርሶ በሚፈርምበት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት በሠፈር የሚሰማው ዕዳ አለበት የሚል ወሬ ብቻ ነው። ዕዳን እንደ ውርደት የሚቆጥር ቤተሰብ፣ ክፍያው ሥራ ከተያዘ በኋላ መሆኑን ካላወቀ ከትምህርቱ ራሱ ይሸሻል። ሁለተኛው በምረቃ ጊዜ የሚመጣ ነው። በተለመደው አሠራር ዋናው የትምህርት ማስረጃ የሚሰጠው ዕዳው መከፈሉ ወይም በአገልግሎት መወራረዱ ሲረጋገጥ ነው። ሥራ የያዘው ይህን ቀስ በቀስ ይወጣዋል፤ ሥራ ያላገኘው ግን ዕዳውን እንዳይከፍል ሥራ የለውም፤ ወደተሻለ ሥራ ወይም ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንዳይሻገር ማስረጃው አልተሟላለትም። ከገቢ ጋር የተያያዘ የተባለው ዕዳ ገቢ በሌለው ሰው ላይ የሚከብደው በዚህ ቦታ ነው።

የትንሹ ወጪ ክብደት

ዩኒቨርሲቲው መኝታና ምግብ ይሰጣል። ለአንድ ተማሪ የተመደበው የዕለት ምግብ በጀት ለረጅም ጊዜ ከኑሮው ወደ ኋላ ቀርቶ ከቆየ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ትልቅ ወጪ ነው፤ የሚሸፍነውም መንግሥት ነው። ነገር ግን ከዚህ ውጭ የሚቀረው ነገር ሲደመር ምን ያህል ይሆናል?

ከአቃቂ ተነሥቶ ወደ ጅማ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሠመራ የተመደበ ልጅ በመጀመሪያ የመሳፈሪያ ያስፈልገዋል። አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ጫማና የብርድ ልብስ መግዣ ይጠየቃል። ግቢ ከገባ በኋላ ሳሙናው፣ የጽሑፍ ማባዣው፣ የስልክ ካርዱ፣ ለሴት ተማሪዎችም የወር አበባ መጠበቂያው በየወሩ ገንዘብ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከትምህርቱ ጠቅላላ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ፣ በዕለቱ፣ ከቤተሰብ ኪስ የሚወጣው ይኸው ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት እናት የዕቁቧ ዕጣ ቀደም ብሎ እንዲሰጣት ዳኛውን ትለምናለች፤ አባት ከደመወዙ ላይ ቅድሚያ ይበደራል። ለመጀመሪያው ዓመት ይሳካል። በሁለተኛው ዓመት አባት ቢታመም፣ ወይም ፋብሪካው ሥራ ቢቀንስ፣ ልጁ ለዕረፍት መጥቶ ይቀራል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው በራሱ ፈቃድ አቋረጠ የሚል ይሆናል፤ ያቋረጠው ግን የመመለሻ መሳፈሪያ አጥቶ ነው።

የመጀመሪያው ልጅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ወጪ አለ፤ ይህም በየትኛውም በጀት ውስጥ የማይጻፈው፣ ልጁ ቢሠራ ኖሮ ለቤቱ ያስገባው የነበረው ገንዘብ ነው። ታናናሾቹ በእርሱ ጉልበት የሚማሩበት ቤት፣ እርሱን ለ4 ወይም ለ5 ዓመት ማሰናበት ማለት የቤቱን አንድ ምሰሶ መንቀል ነው። ነፃ ትምህርት የሚለው ቃል ይህን ወጪ አይሸፍንም።

በሩ የሚዘጋው ቀደም ብሎ ነው

ይህ ሁሉ ስለ ገቡት ነው። የሚበዙት ግን ያልገቡት ናቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአዲስ መልክ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። የተሻለ ነጥብ ይዘው ማለፊያውን ላላገኙት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት መዘጋጀቱ የበሩን ጥበት በመጠኑ አስፍቶታል። እንዲህም ሆኖ አብዛኛው ተማሪ የወጪ መጋራቱን ውል ለመፈረም ከሚያበቃው ደረጃ አይደርስም።

የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በድህነት ማሳበብ ስሕተት ይሆናል። የመጻሕፍት እጥረት፣ የቤተ ሙከራ አለመኖር፣ የመምህሩ የኑሮ ጫና፣ ተማሪው ከታችኛው ክፍል ይዞት የመጣው ጉድለት፣ እያንዳንዱ ድርሻ አለው። ነገር ግን ከትምህርት መልስ ጉሊት የሚቀመጥ፣ ወይም በቀን ሥራ የሚውል የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ለጥናት የሚቀረው ሰዓት ስንት ነው? በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. አንሥቶ የተስፋፋው የምገባ ፕሮግራም ለብዙ ቤተሰብ እፎይታ ሰጥቷል፤ ትኩረቱ ግን በቅድመ አንደኛና በአንደኛ ደረጃ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባው ተማሪ ይመገባል፤ የአንደኛ ደረጃው ሕፃን ይመገባል፤ በመካከል ያለው፣ ዕድሉ የሚወሰንበትን ፈተና የሚጠብቀው ወጣት ግን ጾሙን ይቀመጣል። የድጋፉ ሰንሰለት የተበጠሰው ከሁሉ ይልቅ ሊጠብቅ በሚገባው ቀለበት ላይ ነው።

የማታው ተማሪ

ሌላም የተረሳ ወገን አለ። ቀኑን በፋብሪካ ውሎ ማታ ደብተሩን ይዞ የሚወጣው ሠራተኛ በአቃቂና በቃሊቲ በየመንገዱ የሚታይ ነው። ይህ ሰው በማታው መርሐ ግብር ወይም በግል ኮሌጅ ሲመዘገብ የወጪ መጋራቱ ውል አይመለከተውም። ክፍያውን ከደመወዙ ላይ በየወቅቱ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ከዘገየም ፈተና እንዳይቀመጥ ሊደረግ ይችላል።

ነገሩ በሚዛን ሲታይ እንግዳ ነው። የ19 ዓመቱ የቀን ተማሪ፣ የባለጠጋ ልጅም ቢሆን፣ ዕዳው ሥራ እስኪይዝ ይጠብቀዋል። የ30 ዓመቷ የክር ክፍል ሠራተኛ፣ ሁለት ልጆች እያሳደገች፣ አንድ ቀን አሳልፉኝ ብትል የሚሰማት የለም። ሕጉ ይህን ልዩነት በክፋት አላመጣውም፤ ድጋፉ ከተማሪው ችግር ጋር ሳይሆን ከተቋሙ ዓይነት ጋር በመያያዙ የተከተለ ነው። ደመወዝተኛ ለሆነው የማታ ተማሪ ቆይቶ የመክፈል ዕድል ቢሰጠው ለመንግሥትም አደጋው ትንሽ ነው፤ አሠሪው የታወቀ፣ ደመወዙም በመዝገብ ላይ ያለ ነውና።

የሌላው ዓለም ልምድ

በአሜሪካ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ብርሃን ይሰጣሉ። የአገሩ ሀብትና ሥርዓት ከኢትዮጵያ የተለየ ቢሆንም የሰው ልጅ ፍርሃትና ጥርጣሬ ግን በየትም አንድ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ነው። ግብር በሚያስገቡበት ቢሮ ውስጥ ቤተሰቦች የትምህርት ድጋፍ መጠየቂያውን ቅጽ በመሙላት ሲረዱ፣ ልጆቻቸው ኮሌጅ የመግባታቸው መጠን በ8 መቶኛ ነጥብ ገደማ ጨመረ። ስለ ድጋፉ ማብራሪያ ብቻ የተሰጣቸው፣ በቅጹ ግን ያልተረዱት ቤተሰቦች ይህን ለውጥ አላሳዩም።

ሁለተኛው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ነው። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለሆኑ ጎበዝ ተማሪዎች፣ ካለፋችሁ ያለ ትምህርት ክፍያ ትማራላችሁ የሚል ቁርጥ ያለ ደብዳቤ አስቀድሞ ተላከላቸው። ገንዘቡ ተማሪዎቹ ቀድሞም ቢያመለክቱ ሊያገኙት ከሚችሉት የሚበልጥ አልነበረም። ይሁንና ደብዳቤው ከደረሳቸው 68 በመቶው አመለከቱ፤ ካልደረሳቸው ያመለከቱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። የገቡትም 27 በመቶ ሆኑ፤ በሌላው ወገን 12 በመቶ። በብሩ መጠን ላይ ምንም ሳይጨመር እርግጠኝነት ብቻ ይህን ያህል ሠራ። ለድሃ ቤተሰብ ምናልባት ታገኛለህ የሚል ተስፋና ታገኛለህ የሚል ቃል አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ገንዘብ የማይሠራው

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሳይመለስ ሊታለፍ አይገባም። ድጋፍ ተማሪን ያሰንፋል፣ በችግር የተማረ ነው የሚጎብዘው የሚሉ አሉ። የቆሎ ተማሪው ትዝታ ለዚህ አባባል ግርማ ይሰጠዋል። ነገር ግን በችግር አልፈው የተማሩት ሲታዩ፣ በዚያው ችግር መንገድ ላይ የቀሩት አይታዩም፤ ታሪክ የሚጻፈው በደረሱት ነውና። በሌላ በኩል፣ ገንዘብ ብቻውን ምሁር አያደርግም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና የሚቀመጡ በመሆኑ፣ ግቢ ገብቶ መቆየት ብቻውን ለምረቃ አያበቃም። ድጋፍ ጥሩ ትምህርትን አይተካም፤ የድጋፍ ሥራ ተማሪው በጥሩ ትምህርት እንዲጠቀም ጊዜና የተረጋጋ ልብ መስጠት ነው። ሁለቱን ማቀላቀል ሁለቱንም ያበላሻል።

ከማኅበሩ የሚጠበቀው

የአዋጅ ማሻሻል የመንግሥት ሥራ ነው። የማኅበሩ አባላት ግን ሕግ ሳይለወጥ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ፣ ተማሪው 11ኛ ክፍል ሳለ ለቤተሰቡ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ አንድ ገጽ ይድረሰው። ገጹ በዩኒቨርሲቲ ምን በነፃ እንደሚሰጥ፣ ምን ከቤት እንደሚጠበቅ፣ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ከመቼ ጀምሮና ከምን ላይ እንደሚከፈል፣ በአገልግሎትም ሊወጡት እንደሚቻል በግልጽ ይናገር። ወላጆች ሲሰበሰቡ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ያንብበው። ወሬን የሚያሸንፈው የታወቀ ሰው ቃል ነው።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ በዕድር ልማድ የሚመራ አነስተኛ የድንገተኛ መርጃ ሣጥን ያቋቁም። አባል በወር ጥቂት ብር ያዋጣ፤ ገንዘቡ ለመሳፈሪያ፣ ለአልጋ ልብስና ለድንገተኛ ችግር ብቻ ይዋል። ዕድር ለቀብር ቀጠሮ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ይህም ሣጥን ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አይጠብቅ፤ ሦስት ሰዎች ተስማምተው በሳምንት ውስጥ ይስጡ። ተቀባዩም በሰልፍ አይታይ፤ ስሙ በሰሌዳ አይለጠፍ። ድጋፍ ከክብር ጋር ካልመጣ፣ እጅግ የሚያስፈልገው ተማሪ ራሱን ይደብቃል።

ሦስተኛ፣ ለዕረፍት መጥተው ያልተመለሱ ተማሪዎች ይፈለጉ። ዩኒቨርሲቲው ከሩቅ ሆኖ ቁጥራቸውን ብቻ ያውቃል፤ የቀድሞ መምህራቸው ግን ቤታቸውን ያውቃል። ምክንያቱ መሳፈሪያ ከሆነ ሣጥኑ አለ፤ ሕመም ወይም የቤተሰብ ኃዘን ከሆነ፣ ምዝገባው ለጊዜው ተቋርጦ ቦታው እንዲጠበቅለት የሚጻፈውን ማመልከቻ በማዘጋጀት ሊረዳ ይችላል።

አራተኛ፣ ማኅበሩ በአንድ ድምፅ ሁለት ነገር ለመንግሥት ያቅርብ፤ የምገባው ሥርዓት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ እንዲል፣ ቆይቶ የመክፈልም ዕድል ደመወዝተኛ ለሆነው የማታ ተማሪ እንዲደርስ።

አባቶች ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላሉ። እርጥብ እንጨት እንደፈለጉት ይቀናል፤ ከደረቀ በኋላ የሚያቀናው ሰው ይሰብረዋል። የመጪው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዛሬ በአቃቂ በየክፍሉ ተቀምጠዋል። ከእነርሱ መካከል ማን ከትምህርት መልስ ጉሊት እንደሚውል፣ የማን አባት ከሥራ እንደተቀነሰ፣ የማን እናት ዕቁቧን ለመቀበል ተራ እንደምትጠብቅ መምህራኖቻቸው ያውቃሉ። የመጀመሪያው ገጽ ሊጻፍ የሚገባውም ለእነዚህ ልጆች ቤት፣ ከፈተናው ምዝገባ በፊት ነው።